አንድ ሰው በአንድ ጊታር፦ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የአኩስቲክ ምሽት እንዴት እንታደም

ወሎ ውስጥ ሙዚቃ መስማት ማለት አብሮ መሥራት ነው። አዝማሪው «ተቀበል» ሲል እንቀበላለን፣ እናጨበጭባለን፣ ትከሻችንም አርፎ አይቀመጥም። መንዙማ ላይም አዝማቹን የሚመልሰው ታዳሚው ነው። ደስ የሚል ልማድ ነው፤ እንዲቀርም አልፈልግም። ግን አንድ ሰው አኩስቲክ ጊታር ይዞ ትንሽ ቤት ውስጥ ብቻውን ሲቀመጥ ነገሩ ይለያል። ከኋላው ከበሮ የለም። ኪቦርድ የለም። ጉድለቱን የሚሸፍንለት ባንድ የለም። ቤቱ ውስጥ የሚሰማው ድምፅ ሁሉ፣ የእኛም ወሬ ጭምር፣ ከጊታሩ ጋር ይቀላቀላል። ስለዚህ የምሽቱን ማማር የሚወስነው ተጫዋቹም አድማጩም ነው ብዬ አምናለሁ። ከዚህ በታች ያለው ከቤት እስክትወጡ፣ ከዚያም እስክትመለሱ ድረስ ምን ብታደርጉ እንደሚሻል ነው።

1. መጀመሪያ ስልክ ደውሉ

እንዲህ ያለ ዝግጅት የሚገኘው ካፌ ውስጥ፣ ሆቴል ሳሎን ውስጥ፣ በተማሪዎች ክበብ ወይም በአንድ ሰው ግቢ ነው። ማስታወቂያው ፒያሳ አካባቢ በር ላይ ይለጠፋል፤ ወይም በቴሌግራምና በፌስቡክ ይዞራል። ማስታወቂያውን አይታችሁ ዝም ብላችሁ አትሂዱ። በትንሽ ቤት ፕሮግራም መቀየር ቀላል ነው፤ ከአንድ ቀን በፊት ደውሉ።

ስትደውሉ ሰዓቱን ብቻ ጠይቃችሁ አትዝጉ። «በእውነት የሚጀምረው ስንት ሰዓት ነው?» በሉ። 12 ሰዓት ተብሎ የተለጠፈ ፕሮግራም 1 ሰዓት ተኩል ላይ ሊጀመር ይችላል። በእኛ አገር መግሪብንም ማሰብ ያስፈልጋል። መግሪብ እንደ ወቅቱ 12 ሰዓት ገደማ ወይም ከዚያ ዘግየት ብሎ ነው። በዚያ ሰዓት የተጀመረ ዝግጅት ግማሹ ታዳሚ ሰግዶ ሲገባ፣ ወንበር ሲጎተት፣ ሰላምታ ሲለዋወጥ ይበላሻል። እኔ ብጠየቅ ወሎ ውስጥ ለጊታር ምሽት ትክክለኛው መጀመሪያ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ነው። ሰጋጁም ሰግዶ ይደርሳል፣ ሌላውም ከሥራ ወጥቶ ቤት ደርሶ ይመጣል። ረመዳን ከሆነ ኢፍጣርንና ተራዊሕን አስሉ። በሁዳዴ ደግሞ ብዙ ሰው ከዘፈን ስለሚቆጠብ ፕሮግራሙም ታዳሚውም ይሳሳል።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ጣሪያው ነው። ለሌላ ሰው ቀልድ ሊመስል ይችላል፤ ደሴን የሚያውቅ ግን ይገባዋል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ዝናብ ሲጀምር ጎን ለጎን የተቀመጡ ሰዎች እንኳ መደማመጥ አይችሉም። በረዶ ሲጨመርበትማ ጊታሪስቱ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ከመጠበቅ ሌላ ምርጫ የለውም። በክረምት ኮርኒስ ያለውን ወይም ምድር ቤት የሆነውን ቦታ ምረጡ። በበጋ ግቢም ጥሩ ነው፤ ብርዱን ከቻላችሁ።

ሦስተኛው ኳስ ነው። «የዚያን ቀን ማታ ጨዋታ አለ ወይ? ቴሌቪዥኑ ይጠፋል ወይ?» በሉ። የፕሪሚየር ሊግ ትልቅ ጨዋታ ባለበት ምሽት፣ ቤቱ ውስጥ ባይከፈት እንኳ ከጎረቤት ቤት የጎል ጩኸት ይገባል። መልሱ «ድምፁን እንቀንሳለን» ከሆነ ሌላ ቀን ሂዱ።

2. ልብስና መንገድ

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ ከእሷ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። ከኮምቦልቻ በሸሚዝ የወጣ ሰው ደሴ ሲገባ ይንዘፈዘፋል። የሚንዘፈዘፍ ሰው ደግሞ ሙዚቃ አይሰማም፤ መቼ እንደሚያልቅ ነው የሚያስበው። ሹራብ ያዙ። ጋቢም አያሳፍርም፤ እንዲያውም ለትከሻም ለጉልበትም ይሆናል። ስትነሱና ስትቀመጡ የሚንሿሿ የዝናብ ጃኬት ግን ገና ሳይጀመር አውልቃችሁ አስቀምጡት።

መመለሻችሁን ሳትወጡ ጨርሱ። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ነገር ግን መሃል ላይ ያለው የሐረጎ ዳገት ጠመዝማዛ ነው፣ ጉም ሲወርድበት አያሳይም። የመጨረሻው ሚኒባስ መቼ እንደሚወጣ መናኸሪያ ጠይቁ። ካልደረሳችሁ ዘመድ ቤት ማደር ይሻላል። ከተማ ውስጥ ለሆናችሁ የምታውቁት ባጃጅ ነጂ ስልክ ይኑራችሁ፤ ባጃጅ ማታ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚሠራም ጠይቁ። ይህንን አስቀድሞ የጨረሰ ሰው የመጨረሻዎቹን ዘፈኖች ሰዓቱን ሳያይ ይሰማል።

3. ቀድማችሁ ድረሱ፣ ወንበር ምረጡ

ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። ትንሽ ቤት ውስጥ መጥፎ ወንበር በጣም መጥፎ ነው።

በመጀመሪያ የማኪያቶ ማሽኑ የት እንዳለ እዩ። ከእሱ ራቁ። ወተቱ ሲፈላ የሚወጣው «ሽሽሽ» የጊታርን ቀጭን ድምፅ ሙሉ በሙሉ ይበላዋል፤ ተጫዋቹ ለስለስ ሲያደርግ ደግሞ በጉልህ ይሰማል። ከመታጠቢያ ቤቱ በርና ከማእድ ቤቱ መተላለፊያም ራቁ። ስፒከር ካለ ፊት ለፊቱ አትቀመጡ፤ ከስፒከሩም ከተጫዋቹም እኩል የምትርቁበት ቦታ ይሻላል። ስፒከር ከሌለ የጊታሩ ድምፅ የሚወጣው ከፊት ስለሆነ፣ ከጎኑና ከኋላው ያለ ሰው ትንሽ ነው የሚያገኘው። በቀጥታ ፊት ለፊቱ፣ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሁኑ።

ጊታር የምትማሩ ልጆች ካላችሁ ሌላ ምክር አለኝ። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ተጫዋች ፊት ለፊታችሁ ሲቀመጥ የጊታሩ አንገት ወደ እናንተ ቀኝ ይዘረጋል። ኮርድ (አብረው የሚሰሙ ድምፆች) የሚይዘውን እጅ ማየት ከፈለጋችሁ ወደ ቀኝ ጠጋ በሉ። ክር የሚነካውን እጅ ማየት ከፈለጋችሁ ወደ ግራ። እኔ ግራውን እመርጣለሁ። የኮርድ አያያዝ ከየትም ይገኛል፤ አውራ ጣትና የቀሩት ጣቶች ሥራ እንዴት እንደሚከፋፈሉ ግን ከቅርብ ካላዩት አይገባም።

ሕፃን ይዛችሁ ከሆነ በር አጠገብ ተቀመጡ። ሲያለቅስ ብድግ ብላችሁ ወጣ ማለት ትችላላችሁ። ልጅ መምጣቱን አልቃወምም፤ የዛሬ አድማጭ ትናንት ልጅ ነበር። ብዙ ጓደኛ ይዞ መምጣቱን ግን አልወደውም። አሥር ሰው አንድ ጠረጴዛ ከከበበ ወሬው አይቆምም። ሁለት ወይም ሦስት ሆናችሁ ሂዱ።

4. ከመጀመሩ በፊት እዘዙ፣ ክፈሉ

የሚበላና የሚጠጣውን ሳይጀመር እዘዙ። ከተቻለ ያኔውኑ ክፈሉ፤ በቴሌብርም ቢሆን። በመሃል ሒሳብ ስትጠሩ አስተናጋጁ ይመጣል፣ መልስ ይቆጠራል፣ ሳንቲም ይንኳኳል። ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ የጾም ምግብ መኖሩን ቀድማችሁ ጠይቁ፤ በመሃል ድርድር እንዳይሆን። ጀበና ቡና ከሆነ ጭራሽ ጥሩ ነው፤ ድምፅ የለውም፤ ቡናው ተቆልቶ ካለቀ ማለቴ ነው።

መግቢያ ነጻ ቢሆንም አንድ ነገር እዘዙ። ብዙ ትንንሽ ቤቶች ተጫዋች የሚያስመጡት ገበያ ይደምቃል ብለው ነው። ታዳሚው አንድ ሻይ ይዞ ሦስት ሰዓት ከተቀመጠ ባለቤቱ በሚቀጥለው ወር ኳስ ነው የሚከፍተው።

ስልክ። «ሳይለንት» አይበቃም። እንጨት ወይም ብረት ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ስልክ ሲንቀጠቀጥ ከጊታር ወፍራም ክር በላይ ይሰማል። ኪስ ውስጥ አድርጉት፣ ንዝረቱንም አጥፉት። መቅረጽ ከፈለጋችሁ ተጫዋቹን ቀድማችሁ ጠይቁ። አንድ ዘፈን ይበቃል። ፍላሽ ይጥፋ፣ የስክሪኑ ብርሃን ይቀነስ፣ ስልኩ ደረት ላይ ይሁን እንጂ ከራስ በላይ አይነሳ። በቲክቶክ ቀጥታ ማስተላለፍ ያለ ፈቃድ አይደረግም። ያልወጣ አዲስ ሥራ እየሞከረ ሊሆን ይችላል።

5. ሲጀምር ምን ልስማ?

እዚህ ላይ ረዘም ልበል፤ ከሁሉም የምወደው ክፍል ነው።

ተጫዋቹ ተቀምጦ መጀመሪያ የሚያደርገው መቃኘት ነው። ደጋግሞ ይቃኛል። ከዘፈን ዘፈን መሃልም ይቃኛል። ይህንን ብዙ ሰው እንደ ድክመት ያየዋል፤ ያኔ ነው ወሬ የሚጀመረው። ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። ጊታሩ ከደሴ ብርድ ወደ ሞቀ ክፍል ገብቷል። ክር ሲሞቅ ይላላል፤ ሲላላ ድምፁ ይወርዳል። ሰው በሞላበት ክፍል የሚኖረው እርጥበት ደግሞ እንጨቱን ይነካዋል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ዘፈኖች ላይ ጊታሩ ገና ክፍሉን እየለመደ ነው። ከጊታሩ ራስ ላይ የተቆነጠጠች ትንሽ መቃኛ ታያላችሁ። ክሩ ልክ ሲገባ መብራቷ አረንጓዴ ይሆናል። ያቺን መብራት እያያችሁ ዝም በሉ። ያለ መቃኛ በጆሮው የሚቃኝ ከሆነማ ዝምታችሁ ይበልጥ ያስፈልገዋል።

ከስድስቱ ክሮች ቀጫጭኖቹን ሦስቱን እዩ። ፕላስቲክ መሳይ፣ ብርሃን የሚያሳልፉ ከሆኑ ናይለን ናቸው፤ ድምፃቸው ለስላሳና ክብ ነው። ብረት ከሆኑ ብሩህና ጠንከር ያለ ነው። ብረት ክር ላይ ጣት ሲንሸራተት «ጭጭ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ስሕተት አይደለም፤ የመሣሪያው ጠባይ ነው።

ቀጥሎ አውራ ጣቱን ተከተሉ። ጥሩ ተጫዋች በአውራ ጣቱ ወፍራሞቹን ክሮች እየመታ ቤዝ (ወፍራሙን ድምፅ) ይሠራል፤ በቀሩት ጣቶቹ ቀጫጭኖቹ ላይ ዜማውን ያወጣል። ሁለት ሰው የሚጫወት የሚመስለው ለዚህ ነው። አንድ ዘፈን ሙሉ ቤዙን ብቻ ስሙ። የሚቀጥለውን ዜማውን ብቻ። ሦስተኛው ላይ ሁለቱን አንድ ላይ ስትሰሙ ጆሯችሁ ተከፍቶ ታገኙታላችሁ።

ከዚያ ቅኝት፣ ማለትም ዜማው የሚሠራባቸው ድምፆች ስብስብ። ይህ የእኛ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ አላቸው። ባቲ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ፣ የሰኞ ገበያዋ የታወቀ ከተማችን ናት፤ አምባሰልም ከሐይቅ በላይ ውጫሌን የያዘ አገራችን ነው። ጊታር ላይ እነዚህን ቅኝቶች መለየት ከመሰንቆ ይቀላል፤ ምክንያቱም አንገቱ ላይ የተተከሉት ፍሬቶች (አግድም የተቀመጡት ቀጫጭን ብረቶች) ይቆጠራሉ። ቤት ውስጥ ጊታር ካላችሁ ከመሄዳችሁ በፊት በአንድ ክር ላይ ሞክሩት። ሙሉው ትዝታ ከመነሻው 2 ፍሬት፣ ደግሞ 2፣ ከዚያ 3፣ ከዚያ 2 ይሄዳል። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ ፋ እና ሲ የሉበትም። ባቲ ከመነሻው በአንዴ 4 ፍሬት ይዘላል፣ ከዚያ 1 ብቻ ይራመዳል። አምባሰል ተቃራኒው ነው፤ መጀመሪያ 1፣ ከዚያ 4። አንቺሆዬም እንደ አምባሰል 1 ብሎ 4 ይዘላል። የሚለያዩት በሦስተኛው እርምጃ ነው፤ አምባሰል 2 ሲሄድ አንቺሆዬ 1 ብቻ ይሄዳል። ባቲም ትዝታም ሌላ መልክ አላቸው፤ አንዳንድ እርምጃቸው በአንድ ፍሬት ያጥራል፣ ስሜቱም ያዝናል። ይህን በጣታችሁ አንዴ ካገኛችሁት ካፌ ውስጥ ተቀምጣችሁ «አሁን አምባሰል ገባ» ትላላችሁ። በልባችሁ ነው እንግዲህ፤ ለጎረቤት መንገር ሲያልቅ ይደርሳል።

አንድ ነገር ግን ጊታር ከመሰንቆ ያንሳል። መሰንቆ ፍሬት የለውም። አዝማሪው ጣቱን በአንዷ የፈረስ ጭራ ክር ላይ የትም ያሳርፋል፤ በሁለት ድምፆች መካከል ያለውንም ያወጣል። ጊታር ላይ ፍሬቱ ድምፁን ቆርጦ ይሰጣል። ስለዚህ ጊታሪስቱ አምባሰል ሲጫወት ጣቱ ክሩን ወደ ጎን ሲገፋ ካያችሁት ያንን የመሃል ድምፅ እየፈለገ ነው። ክሩ ሲገፋ ይወጠራል፣ ድምፁም ቀስ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል። ወሎ ላደገ ጆሮ ይቺ ትንሽ ግፊት ትልቅ ነገር ናት። ጊታሪስቱ የጎረቤቶቻችንን መሰንቆ መስማት አለመስማቱ የሚታወቀው እዚህ ጋ ነው።

6. ጭብጨባ፣ ሽልማት፣ «እንትንን ተጫወትልን»

የመጨረሻው ክር ድምፅ እስኪጠፋ አታጨብጭቡ። ተጫዋቹ እጁን ከክሩ ካነሳ በኋላ ድምፁ ለትንሽ ጊዜ ይቆያል፤ ሆን ብሎ የተወው ነው። ትከሻው ዘና ሲል ወይም ቀና ብሎ ሲያያችሁ ያኔ አጨብጭቡ፣ እልል በሉ፣ አትቆጥቡ።

በመሃል ከዜማው ጋር ማጨብጨብ የሚቻለው ሲጋብዝ ብቻ ነው። አይክፋችሁ፤ ምክንያት አለው። የሕዝብ ጭብጨባ ሳይታወቀው እየፈጠነ ይሄዳል። ባንድ ከሆነ ከበሮው ይመልሰዋል። ብቻውን ያለ ሰው ግን ወይ ተከትሎን ይሮጣል ወይ ከእኛ ጋር ይጋጫል። ሲጋብዛችሁ በጣት ጫፍ፣ ለስለስ አድርጋችሁ ምቱ፤ እሱን መስማት ካቃታችሁ ጭብጨባችሁ በዝቷል ማለት ነው።

ሽልማት ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ግንባር ላይ ብር መለጠፍ አዝማሪ ቤት ያምራል፤ አዝማሪው ቆሞ ይዞራል፣ ይስቃል፣ ስንኝ ይመልሳል። ጊታሪስቱ ግን ተቀምጧል፤ ሁለቱም እጆቹ ታስረዋል፣ ዓይኑም ፍሬቱ ላይ ነው። ብሩ ከግንባሩ ሲወድቅ የሚያርፈው ክሩ ላይ ነው። ያኔ ክሩ «ዝዝዝ» ይላል፤ ያማረው ቦታም ይበላሻል። የጊታሩ ሳጥን ተከፍቶ ከሆነ በዘፈኖች መሃል እዚያ ውስጥ አስቀምጡ። ካልሆነ ሲያልቅ በእጁ ስጡ፤ ወይም የቴሌብር ቁጥሩን ጠይቁ።

ዘፈን መጠየቅ ይቻላል። ከወንበር ሆኖ «ትዝታን በለው!» ማለት ግን ሐሳቡን ይሰርቃል። በቁራጭ ወረቀት ጽፋችሁ በአስተናጋጅ በኩል ወይም በዕረፍት ጊዜ አቀብሉ። ካልተጫወተው ዝግጅት ስላላደረገበት ይሆናል፤ አትነዝንዙት።

ጎረቤታችሁ የሚያወራ ከሆነስ? ትልቅ ሰው ከሆኑ «ይቅርታ አባቴ፣ ትንሽ አልሰማ ብሎኝ ነው» በሉ፤ በአንቱታ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። እኩያ ከሆነ ፈገግ ብሎ ጣትን ከንፈር ላይ ማድረግ ይበቃል። «ዝም በሉ!» ብሎ መጮህ ከወሬው በላይ ይረብሻል።

7. መብራት ሲጠፋ

አብሽሩ። መብራት ቢጠፋ የማይቆም ኮንሰርት ቢኖር ይኼ ነው። ማይኩና ስፒከሩ ይሞታሉ፤ ጊታሩ ይቀጥላል። ግን ድምፁ በአንዴ በጣም ያንሳል። ያን ጊዜ ሦስት ነገር አድርጉ። አትንጫጩ። ከኋላ ያላችሁ ወንበራችሁን አንሥታችሁ፣ ሳትጎትቱ፣ ወደ ፊት ቅረቡ። የስልክ መብራት የሚያበራ አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ ወደ ኮርኒሱ ያብራው እንጂ ወደ ተጫዋቹ ዓይን አይደለም። ከላይ ተመልሶ የሚወርደው ብርሃን ፍሬቱን ለማየት ይበቃዋል። ባለቤቱ ጄኔሬተር ለማስነሳት ሲነሳም «ይህ ዘፈን ይለቅ» ብትሉት ደስ ይለኛል። የጄኔሬተር ጩኸት ከጨለማው የባሰ ነው።

8. ሲያልቅ

ወዲያው አትበተኑ። ትንሽ ቤት ከትልቅ አዳራሽ የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው፤ ተጫዋቹ ከእናንተ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ነው። ሰላም በሉት። «ጥሩ ነበር» ከማለት «ሁለተኛው ላይ ከባቲ ወደ ትዝታ ስትሻገር ወደድኩት» ብትሉት የሰማችሁት መሆኑን ያውቃል። በዕድሜ ከፍ ያሉ ከሆኑ አንቱ በሉ። ምን ክር እንደሚጠቀም፣ ከማን እንደተማረ መጠየቅ ነውር የለውም። ጊታሩን ግን ሳይፈቅድ አትንኩ፤ «እስቲ ልያዘው» ብሎ እጅ መዘርጋትም ጥሩ አይደለም። ቅጂ የሚሸጥ ከሆነ ግዙ። ዩቲዩብ ላይ ካለ ስሙን በትክክል አጽፋችሁ ሂዱ።

ከመውጣታችሁ በፊት ደግሞ ባለቤቱን ወይም ባለቤቷን አናግሩ። ምን እንደተመቻችሁ፣ ምን እንዳስቸገራችሁ በግልጽ ንገሩ። «ማሽኑን በዘፈን መሃል ባታስነሱት»፣ «ወንበሮቹን እግራቸው ላይ ጎማ ብታደርጉላቸው»፣ «መጀመሪያውን 1 ሰዓት ብታደርጉት»። እነዚህ ብዙ ወጪ የማይጠይቁ ነገሮች ናቸው፤ ከደንበኛ አፍ ሲሰሙ ይደረጋሉ። የሚቀጥለው ዝግጅት መቼ እንደሆነም ያኔውኑ ጠይቁና ባጃጃችሁን ጥሩ።